ከባንክራፕሲ በኋላ ሞርጌጁስ? ልፈርም፣ ሳልፈርም ልክፈል፣ በቻፕተር 13 ላስተካክል ወይስ ቤቱን ልልቀቅ

ጓደኛዬ አንድ ማታ ደወለልኝ። ድምፁ በደስታ ይንቀጠቀጣል። «ስማኝማ፣ ባንኩ ዕዳ የለብህም ብሎ ጻፈልኝ!» አለኝ። እዚህ አሜሪካ ቻፕተር 7 ባንክራፕሲ (ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው በፍርድ ቤት ዕዳው የሚሰረዝለት ሂደት) ከጨረሰ ገና ሁለት ወሩ ነው። ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ ነገርኩት።

የመጣለት የተለመደው ወርሃዊ የሞርጌጅ፣ ማለትም የቤት ብድር፣ መግለጫ ነበር። አንድ አዲስ ሳጥን ግን ገብቶበታል። ይህ መግለጫ ለመረጃ ብቻ የተላከ ነው፣ ዕዳ ለመሰብሰብ አይደለም ይላል። ከዚያው በታች የወሩ ክፍያ፣ የመክፈያው ቀንና ቼኩ የሚላክበት አድራሻ እንደ ወትሮው ተቀምጧል።

ሁለቱም እውነት ነው። ዕዳው ከእሱ ጫንቃ ወርዷል። ባንኩ ግን ቤቱን አልለቀቀም። የዚያን ወር ክፍያ «ተሰርዞልኛል» ብሎ ሊያስቀረው ነበር። ወር በወር ቢያስቀር ኖሮ የሚመጣለት ደብዳቤ የሐራጅ ይሆን ነበር። እንዲህ ያለ ግራ መጋባት የብዙ ሰው ነው። ስለዚህ ያሉትን መንገዶች ጎን ለጎን አስቀምጬ ልመዝናቸው ፈለግሁ። የምጽፈው ስለ አሜሪካ ሕግ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ዕዳውንና መያዣውን እንለይ

ቤት በብድር ስትገዙ ከብዙ ወረቀቶች መካከል ሁለት ዋና ዋና ነገሮች ትፈርማላችሁ። አንደኛው የብድር ውሉ ነው። «እኔ እከፍላለሁ» የሚል የግል ግዴታ ነው። ሁለተኛው የመያዣ ውሉ ነው። «ካልከፈልኩ ቤቱን ሽጣችሁ ገንዘባችሁን ውሰዱ» ይላል።

ቻፕተር 7 የሚሰርዘው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛው ባለበት ይቀጥላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን በ1991 ግልጽ አድርጎ አስቀምጦታል። በ1992 ደግሞ የቤቱ ዋጋ ከብድሩ በታች ቢወርድም በቻፕተር 7 መያዣውን ወደ ቤቱ ዋጋ ዝቅ ማድረግ አይቻልም አለ። በ2015 ለሁለተኛ ሞርጌጅም ይኸው ተደገመ።

በተግባር ምን ማለት ነው? ባንኩ ከደመወዛችሁ ሊቆርጥ አይችልም። ከባንክ ሒሳባችሁ ሊወስድ አይችልም። ለቀሪው ዕዳ ሊከሳችሁ አይችልም። ወርሃዊው ክፍያ ከቆመ ግን ቤቱን ይወስዳል። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

በምን እንመዝን?

ጠበቃ ቢሮ ከመግባታችሁ በፊት አምስት ነገር በወረቀት ላይ ጻፉ።

ክፍያችሁ ወቅታዊ ነው ወይስ ውዝፍ አለባችሁ? ውዝፍ ካለ ስንት ወር ነው? ከሁሉ በላይ መንገዱን የሚወስነው ይህ ነው።

የክሬዲት ካርዱና የሕክምናው ዕዳ ከተነሳ በኋላ ወርሃዊውን ክፍያ ገቢያችሁ ይችለዋል? የቤት ግብሩን፣ ኢንሹራንሱን፣ ካለም የኤችኦኤ (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) መዋጮውን ጨምራችሁ አስሉት። በምኞት ሳይሆን ባለፉት ስድስት ወራት የደመወዝ ወረቀት አስሉት። ፍርድ ቤቱም ለቻፕተር 7 ብቁ መሆናችሁን ሲመዝን መነሻ የሚያደርገው ያንኑ የስድስት ወር ገቢ ነው።

በቤቱ ውስጥ ኢኩቲ (ከቤቱ ዋጋ ላይ ብድሩ ሲቀነስ የሚተርፈው) አለ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ቤቱን ሳያስበው የሚያጣው እዚህ ጋ ነው።

ቻፕተር 7 ፋይል ስታደርጉ፣ ማለትም ማመልከቻውን ፍርድ ቤት ስታስገቡ፣ ትረስቲ የሚባል ሰው ይመደባል። ሥራው ሊሸጥ የሚችል ንብረት ካላችሁ ሸጦ ለአበዳሪዎች ማከፋፈል ነው። ሕጉ ደግሞ ከቤታችሁ ኢኩቲ የተወሰነውን እንዳይነካ ይጠብቅላችኋል። ይህ ሆምስቴድ ኤግዘምፕሽን ይባላል። የፌዴራሉ መጠን ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለአንድ ሰው 31,575 ዶላር ነው። ባልና ሚስት አብረው ፋይል ካደረጉ እጥፍ ይሆናል። ብዙ ስቴቶች ግን የፌዴራሉን አይፈቅዱም፤ የራሳቸው መጠን አላቸው። ቴክሳስና ፍሎሪዳ በመሬቱ ስፋት እንጂ በገንዘብ ጣሪያ አይገድቡም። የአንድን ስቴት ጥበቃ ለማግኘት ደግሞ ፋይል ከማድረጋችሁ በፊት 730 ቀን እዚያ መኖር ያስፈልጋል። ቤቱን ባለፉት 1,215 ቀናት ውስጥ ከገዛችሁት፣ ለጋሱ ስቴት ውስጥም ቢሆን የፌዴራል ጣሪያ ሊመጣባችሁ ይችላል።

በቁጥር እንየው። ቤቱ 400,000 ዶላር ያወጣል፣ ብድሩ 350,000 ነው እንበል። ኢኩቲው 50,000 ነው። ትረስቲው ቢሸጠው የሽያጭ ወጪው 6 በመቶ ቢሆን 24,000 ይሄዳል። 26,000 ይቀራል። የፌዴራሉ ጥበቃ ይህን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። ለአበዳሪ የሚተርፍ ስለሌለ ትረስቲው ቤቱን ይተወዋል። አሁን የቤቱ ዋጋ 480,000 ነው እንበል። ኢኩቲው 130,000 ሆነ። ከሽያጭ ወጪው 28,800ና ከጥበቃው 31,575 በኋላ 69,625 ዶላር ይተርፋል። ይህን ገንዘብ ትረስቲው አይቶ አያልፈውም። ክፍያችሁን አንድ ቀን ሳታዘገዩ የኖራችሁ ብትሆኑም ቤቱ ሊሸጥ ይችላል። የቤት ዋጋ በጨመረበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ ይህን ስሌት ሳትሠሩ ቻፕተር 7 እንዳትገቡ። እባካችሁ።

አራተኛው፣ ከእናንተ ሌላ ማን ፈርሟል? እህት፣ ወንድም፣ የትዳር አጋር? የእናንተ ዕዳ በቻፕተር 7 ሲነሳ የእነሱ አይነሳም።

አምስተኛው፣ እዚህ ቤት ስንት ዓመት ልትኖሩ ታስባላችሁ? ሌላ ብድርስ በቅርቡ ያስፈልጋችኋል?

ምርጫ አንድ፦ ቻፕተር 7 ገብቶ፣ ሳይፈርሙ መክፈሉን መቀጠል

ክፍያችሁ ወቅታዊ ከሆነና ኢኩቲው ከተጠበቀ፣ ዝም ብላችሁ ትከፍላላችሁ። ባንኩ ይቀበላል። ሕጉ መኖሪያ ቤት ላይ መያዣ ያለው አበዳሪ ወርሃዊ ክፍያውን እየተቀበለ እንዲቀጥል በግልጽ ይፈቅድለታል። በመኪና ብድር ላይ ከ2005ቱ የሕግ ለውጥ ወዲህ ይህ መንገድ በጣም ጠቧል። ለቤት ግን በአብዛኛው ቦታ እንደተከፈተ ነው።

ትልቁ ጥቅሙ መውጫ በር መኖሩ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ሥራ ብታጡ፣ ብትታመሙ፣ የቤቱ ዋጋ ቢወድቅ፣ ቁልፉን ሰጥታችሁ ትወጣላችሁ። ባንኩ ቤቱን በጎዶሎ ቢሸጠው ልዩነቱን ከእናንተ መጠየቅ አይችልም። እየከፈላችሁ ከቆያችሁ ደግሞ ኢኩቲው የእናንተ ነው። ቤቱን ስትሸጡ ከብድሩ የተረፈው ወደ ኪሳችሁ ይገባል።

ጉዳቱ ክሬዲት ላይ ነው። ብዙ የሞርጌጅ ድርጅቶች ካልፈረማችሁ ክፍያችሁን ለክሬዲት ቢሮዎች አያሳውቁም። በየወሩ ትከፍላላችሁ፣ ሪፖርቱ ላይ ግን አይታይም። ብዙ ጊዜ የኦንላይን መግቢያውና አውቶፔይም (ክፍያውን በየወሩ በራሱ የሚልከው) ፋይል በተደረገ ሰሞን ይቋረጣል። ይህም ክፉኛ ሊጎዳችሁ ይችላል። አውቶፔይ እየሠራ መስሏችሁ ሁለት ወር ልታልፉ ትችላላችሁ። ፋይል ባደረጋችሁ ሳምንት ደውሉና በምን መንገድ እንደምትከፍሉ አረጋግጡ። ለከፈላችሁት ሁሉ ማስረጃ ያዙ። በዓመት አንድ ጊዜ የክፍያ ታሪካችሁን በደብዳቤ ጠይቁ። ነገ አዲስ ብድር ስትጠይቁ ከክሬዲት ሪፖርቱ ይልቅ ያ ወረቀት ይናገርላችኋል።

ምርጫ ሁለት፦ ቻፕተር 7 ገብቶ ዕዳውን እንደገና መፈረም

ሪአፈርሜሽን ይባላል። የሚሰረዘውን የግል ግዴታ በራሳችሁ ፊርማ መልሳችሁ ጫንቃችሁ ላይ ታኖራላችሁ። ባንክራፕሲው ያንን ብድር እንዳልነካው ይሆናል።

ፊርማው ዲስቻርጁ (ዕዳውን የሚሰርዘው የፍርድ ቤት ትዕዛዝ) ከመሰጠቱ በፊት መሆን አለበት። ወረቀቱም ለፍርድ ቤቱ ይገባል። ከፈረማችሁ በኋላ ብትጸጸቱ፣ ዲስቻርጁ እስኪሰጥ ወይም ወረቀቱ ፍርድ ቤት ከገባ 60 ቀን እስኪሞላ፣ ከሁለቱ እስከሚዘገየው ቀን ድረስ መሰረዝ ትችላላችሁ። የገቢና ወጪ ቁጥራችሁም ከወረቀቱ ጋር ይያያዛል። ገቢው ክፍያውን የማይሸፍን ከሆነ ሕጉ ይህ ውል እንደሚጎዳችሁ ይገምታል።

ጥቅሙ ምንድን ነው? ክፍያችሁ ክሬዲት ላይ ይመዘገባል። ከዚያው ባንክ ጋር ወደፊት መነጋገር ይቀላል። አንዳንዴ ባንኩ ፊርማውን ስለፈለገው ብቻ ወለዱን ዝቅ ሊያደርግ ወይም ውዝፉን ወደ ብድሩ መጨረሻ ሊገፋ ይችላል። እንዲህ ያለ የሚጨበጥ ነገር ከመጣ ቁጭ ብሎ ማሰቡ ተገቢ ነው።

ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ቻፕተር 7 አንዴ ዲስቻርጅ ካገኛችሁበት፣ ከዚያኛው ፋይል ቀን 8 ዓመት ሳይሞላ በድጋሚ አይሰጣችሁም። ዛሬ ፈርማችሁ ከሁለት ዓመት በኋላ ክፍያው ቢከብዳችሁ፣ ቤቱም ሄዶ ዕዳውም ተከትሏችሁ ይቀራል። በብዙ ስቴት ባንኩ ከሐራጁ የጎደለውን ልዩነት ከሶ መጠየቅ ይችላል። ብዙ ጠበቆች ለቤት ብድር ይህን ወረቀት በስማቸው ማረጋገጥ የማይፈልጉት ለዚህ ነው።

የእኔን አቋም በግልጽ ልናገር። ለክሬዲት ስኮር ሲባል ብቻ መፈረም አይገባም። ስኮር በሌላ መንገድ ይገነባል። በሁለት ዓመት ውስጥ በአነስተኛ ክሬዲት ካርድና በሰዓቱ በመክፈል ብዙ ሰው መልሶ ያነሳዋል። የመቶ ሺዎች ዶላር የግል ዕዳ መልሶ መሸከም ግን ሌላ ነገር ነው። ባንኩ ወረቀቱን ሲልክላችሁ ሰላምታ አዘልና ቀላል መስሎ ነው የሚመጣው። ቀስት የተለጠፈበት የፊርማ ቦታ አለው። እዚያ ከመፈረማችሁ በፊት «በምላሹ ምን ትሰጡኛላችሁ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

ምርጫ ሦስት፦ ቻፕተር 13

ውዝፍ ላለበት ሰው ዋናው መሣሪያ ይህ ነው። ቻፕተር 7 ሐራጅን ለጥቂት ወራት ያዘገያል እንጂ ውዝፉን የምትከፍሉበት ጊዜ አይሰጥም። ቻፕተር 13 ግን ፍርድ ቤት በሚያጸድቀው የክፍያ ዕቅድ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይሰጣል።

ፋይል ባደረጋችሁበት ደቂቃ ኦቶማቲክ ስቴይ የሚባለው እገዳ ይጀምራል። የሐራጅ ሂደት ይቆማል። ለዚህ ግን ሐራጁ ገና መካሄድ የለበትም። ከተሸጠ በኋላ ማዳን አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ሌላ የባንክራፕሲ ጉዳይ ተዘግቶባችሁ ከነበረ፣ በፍርድ ቤቱ ካላስረዘማችሁት እገዳው በ30 ቀን ያበቃል። ሁለት ከነበሩ ጭራሽ አይጀምርም። «ሐራጁን ለማቆም ብቻ ደጋግመህ ፋይል አድርግ» የሚል ምክር ከሰማችሁ አትቀበሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 18,000 ዶላር ውዝፍ አለባችሁ እንበል። በ60 ወር ሲከፋፈል በወር 300 ነው። የትረስቲው ክፍያ እስከ 10 በመቶ ይደርሳል፣ ስለዚህ 330 አካባቢ ብላችሁ አስቡት። ከዚህ ጋር የወሩን መደበኛ ሞርጌጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሳታዛንፉ ትከፍላላችሁ። 2,600 ከነበረ ድምሩ 2,930 ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ እንደ ገቢያችሁ ለሌሎች አበዳሪዎች የሚሄድ ይጨመርበታል። በአንዳንድ ፍርድ ቤቶች መደበኛው ሞርጌጅ ራሱ በትረስቲው በኩል ስለሚያልፍ ክፍያው ከፍ ይላል። ፋይል ካደረጋችሁ በ30 ቀን ውስጥ መክፈል ትጀምራላችሁ።

ቻፕተር 13 የማይችለውም አለ። የመኖሪያ ቤታችሁን የመጀመሪያ ሞርጌጅ ወለድ ወይም መጠን አይቀንስም። ይህን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1993 ወስኖታል። ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በቻፕተር 13 ውዝፉን አስተካክላችሁ ስትጨርሱ የቀረው ሞርጌጅ የግል ዕዳችሁ ሆኖ ይቀጥላል። ለቻፕተር 7 ያነሳሁት የመውጫ በር እዚህ የለም።

የሚችለው ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛ ሞርጌጅ ካላችሁና የቤቱ ዋጋ የመጀመሪያውን እንኳ የማይሸፍን ከሆነ፣ ሁለተኛው መያዣ ሊነሳ ይችላል። ቤቱ 300,000 አውጥቶ የመጀመሪያው ብድር 320,000 ከሆነ፣ የ40,000 ዶላሩ ሁለተኛ ብድር እንደ ክሬዲት ካርድ ዕዳ ይቆጠራል። ዋጋው ከመጀመሪያው ብድር በጥቂት ዶላር ቢበልጥ ግን አይሆንም። ስለዚህ የቤቱ ግምት እዚህ ላይ ሁሉን ይወስናል። መያዣው የሚነሳውም ዕቅዱን እስከ መጨረሻ ስትጨርሱ ነው።

አብሮ የፈረመ ሰው ካለም ቻፕተር 13 ይሻላል። እናንተ በዕቅዱ እየከፈላችሁ ሳለ አበዳሪው ወደ እህታችሁ ወይም ወንድማችሁ እንዳይዞር የሚከለክል እገዳ አለው። በቻፕተር 7 ይህ የለም።

ቋሚ ገቢ ያስፈልጋል። ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ ሰው ገቢውን በመዝገብ ማሳየት ከቻለ ይበቃል። የዕዳም ጣሪያ አለው፦ ከኤፕሪል 2025 ወዲህ መያዣ ላለው ዕዳ 1,580,125 ዶላር፣ ለሌለው 526,700 ዶላር።

አምስት ዓመት ረጅም ነው። መኪና ይበላሻል፣ ሰው ይታመማል፣ የሥራ ሰዓት ይቀነሳል። ዕቅዱ ከፈረሰ ውዝፉ ከነወለዱ ይመለሳል። ስለዚህ በወሩ መጨረሻ አንድ ዶላር የማያስተርፍ ዕቅድ አትፈርሙ።

ምርጫ አራት፦ ቤቱን መልቀቅ

ስለዚህ ምርጫ ማውራት ያማል። ልጆች ያደጉበት ቤት ነው። ግን ገቢያችሁ ክፍያውን የማይችል ከሆነ፣ ከጡረታ ተቀማጭ እያወጡ ለሁለት ዓመት ማዘግየት ቤቱን አያድንም። የጡረታውን ገንዘብ ባንክራፕሲ አብዛኛውን ጊዜ አይነካውም ነበር። ብዙ ሰው የተጠበቀውን ገንዘብ አፍስሶ የማይጠበቀውን ቤት ለማዳን ይሞክራል። ሁለቱንም ያጣል።

ኢኩቲ ካለ ቤቱን ራሳችሁ መሸጥ ከሁሉ ይሻላል። ሐራጅ ዋጋ ይጥላል። ኢኩቲ ከሌለ በቻፕተር 7 ቤቱን እንደምትለቁ ታስታውቃላችሁ። ሰረንደር ይባላል። ቀሪው ዕዳ ይሰረዛል። በባንክራፕሲ የተሰረዘ ዕዳ እንደ ገቢ ታክስ አይጣልበትም። ባንኩ 1099-ሲ (የተሰረዘ ዕዳ ማሳወቂያ) ቢልክላችሁ፣ ገቢ አለመሆኑን ለማሳየት ከታክሱ ጋር ፎርም 982 ይያያዛል። ከባንክራፕሲ ውጭ በድርድር የተሰረዘ ዕዳ ግን እንደ ገቢ ሊቆጠር ይችላል። ቅደም ተከተሉ ገንዘብ ያስከፍላል ማለት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እለቃለሁ ማለት ታይትሉ ከስማችሁ ወጣ ማለት አይደለም። ባንኩ ሐራጁን እስኪጨርስ ባለቤቱ እናንተ ናችሁ። አንዳንዴ ዓመት ይፈጃል። ፋይል ካደረጋችሁበት ቀን በኋላ የሚመጣው የኤችኦኤ መዋጮ በባንክራፕሲው አይሰረዝም። የከተማው የሣርና የበረዶ ቅጣትም በስማችሁ ይመጣል። ኢንሹራንሱን አታቋርጡ። እንዲያውም ሐራጁ እስኪያልቅ ቤቱ ውስጥ መቆየት ብዙ ጊዜ ይሻላል። ቤቱ ይጠበቃል፣ እናንተም ለሚቀጥለው ኪራይ ዲፖዚት ታጠራቅማላችሁ። ባንኩ በስምምነት ታይትሉን እንዲወስድ ወይም ለመልቀቂያ ገንዘብ እንዲሰጥ መጠየቅም ይቻላል።

ጎን ለጎን ሲታዩ

| መመዘኛ | ቻፕተር 7፣ ሳይፈርሙ መክፈል | ቻፕተር 7፣ እንደገና መፈረም | ቻፕተር 13 | መልቀቅ |
|---|---|---|---|---|
| ውዝፍ ካለ | አይረዳም | ባንኩ ከተስማማ ብቻ | እስከ 5 ዓመት ጊዜ ይሰጣል | ውዝፉ ከዕዳው ጋር ይሄዳል |
| የግል ዕዳው | ይሰረዛል | ይመለሳል | ይቀጥላል | ይሰረዛል |
| በኋላ ቢያቅታችሁ | ቤቱ ይሄዳል፣ ዕዳ አይከተልም | ቤቱም ይሄዳል፣ ዕዳም ይከተላል | ዕቅዱ ሊፈርስ ይችላል | አይመለከትም |
| ክፍያው ክሬዲት ላይ | ብዙ ጊዜ አይታይም | ይታያል | በዕቅዱ ጊዜ ውስን ነው | የለም |
| ብዙ ኢኩቲ ካለ | አደገኛ | አደገኛ | ይጠብቃል፣ ክፍያው ግን ይጨምራል | ራስ መሸጥ ይሻላል |
| አብሮ የፈረመ ሰው | አይጠበቅም | እናንተ እስከከፈላችሁ ድረስ | በዕቅዱ ጊዜ ይጠበቃል | አይጠበቅም |
| የፍርድ ቤት ክፍያ | 338 ዶላር | 338 ዶላር | 313 ዶላር | እንደ ቻፕተሩ |
| ሪፖርት ላይ የሚቆየው | እስከ 10 ዓመት | እስከ 10 ዓመት | ብዙ ጊዜ 7 ዓመት | እንደ ቻፕተሩ |

የጠበቃ ክፍያ ሠንጠረዡ ውስጥ የለም፤ ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል። ለቻፕተር 7 አብዛኛው ጠበቃ ቀድሞ ይጠይቃል። ለቻፕተር 13 ብዙ ጊዜ ከፊሉ በዕቅዱ ውስጥ ይከፈላል። ገቢያችሁ ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 150 በመቶ በታች ከሆነ የቻፕተር 7 የፍርድ ቤት ክፍያ እንዲሰረዝላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ።

ለማን የትኛው?

ክፍያው ወቅታዊ፣ ኢኩቲው የተጠበቀ፣ ገቢው የሚበቃ ከሆነ፦ ምርጫ አንድ። ከባንኩ በጽሑፍ የወለድ ቅናሽ ካልመጣ በስተቀር ሁለተኛውን አላስበውም።

ጥቂት ወራት ወደ ኋላ ቀርታችሁ አሁን ሥራ የተመለሰላችሁ ከሆነ፦ ምርጫ ሦስት። ግን ከዚያ በፊት ባንኩን የብድር ማስተካከያ ጠይቁ። ሞዲፊኬሽን የሚባለው ነው። በፌዴራል ደንብ መሠረት በአጠቃላይ ክፍያው ከ120 ቀን በላይ ሳይዘገይ የሐራጅ ሂደት አይጀመርም። የተሟላ ማመልከቻ ከሐራጁ ቀን ከ37 ቀን በላይ አስቀድሞ ከገባ ደግሞ ባንኩ መልስ ሳይሰጥ መሸጥ አይችልም። «የተሟላ» የሚለው ቃል ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። አንድ የደመወዝ ወረቀት ከጎደለ ጊዜው ያልፋል። የላካችሁትን ሁሉ ኮፒ አስቀሩ፣ መድረሱንም በጽሑፍ አረጋግጡ። የመንግሥት የቤት መሥሪያ ቤት ሀድ ዕውቅና የሰጣቸው አማካሪዎች በዚህ ላይ በነፃ ይረዳሉ።

ብዙ ኢኩቲ ያለው ቤት ይዛችሁ በክሬዲት ካርድ ዕዳ የታነቃችሁ ከሆነ ቻፕተር 7 አትግቡ። ወይ ቻፕተር 13፣ ወይ ሸጦ ዕዳ መክፈል። ወንድም ወይም እህት አብሮ የፈረመ ከሆነ ምንም ከማድረጋችሁ በፊት ንገሩት። ከባንክ ደብዳቤ እንዲሰማው አታድርጉ።

ገቢው እንደማይመለስ ካወቃችሁ፦ መልቀቅ፣ ቶሎ።

ፋይል ከማድረጋችሁ በፊት የማይደረጉ

ቤቱን በዘመድ ስም አታዙሩ። ትረስቲው ቢያንስ የሁለት ዓመት ዝውውር ወደ ኋላ ያያል፣ በስቴት ሕግ ከዚያም በላይ። ለወንድማችሁ የተበደራችሁትን «ቢያንስ እሱን ልክፈለው» ብላችሁ አትመልሱ። ለቤተሰብ የተከፈለ ዕዳ እስከ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ሊጠየቅ ይችላል። ትረስቲው ገንዘቡን ከእሱ ይጠይቃል። በጎ ሐሳባችሁ ወንድማችሁን ለክስ ይዳርገዋል።

የክሬዲት ምክር ትምህርቱን ፋይል ከማድረጋችሁ በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ መውሰድ ግዴታ ነው። ከአበዳሪዎች ጋር የሚደረገው ስብሰባ አሁን አብዛኛውን ጊዜ በዙም ነው። እንግሊዝኛችሁ ቢያንስም አትፍሩ። በዚያ ስብሰባ ላይ የስልክ አስተርጓሚ በነፃ ይቀርባል፣ ቀደም ብላችሁ በጠበቃችሁ በኩል አስጠይቁ። መሐላ ያለበት ስብሰባ ነው። ልጃችሁ እንዲያስተረጉም አታድርጉ።

ከዚያ በኋላ አዲስ ብድር

ከቻፕተር 7 ዲስቻርጅ በኋላ የፌዴራሉ መንግሥት ዋስ ለሚሆንላቸው ለኤፍኤችኤና (ለቀድሞ ወታደሮች) ለቪኤ ብድር በአጠቃላይ 2 ዓመት መጠበቅ ነው። ከባንኮች የቤት ብድር ለሚገዛው ድርጅት ለፋኒ ሜይ 4 ዓመት። በቻፕተር 13 ውስጥ ሆናችሁ 12 ወር በሰዓቱ ከከፈላችሁ በፍርድ ቤቱ ፈቃድ ለኤፍኤችኤ ማመልከት ይቻላል። ፋኒ ሜይ ከቻፕተር 13 ዲስቻርጅ በኋላ 2 ዓመት ይጠይቃል፣ ዕቅዱ ፈርሶ ከተዘጋ ግን 4። ሪፋይናንስም (አሮጌውን ብድር በሌላ መተካት) አዲስ ብድር ነው። በምርጫ አንድ የወረደላችሁ የግል ዕዳ በሪፋይናንስ ፊርማ ይመለሳል። ወለዱ በቂ ቅናሽ ካላመጣ ያን ጥበቃ በነፃ አትስጡት።

ጓደኛዬ ያልፈረመ ነበር። ክፍያው አልዘገየም፣ ኢኩቲውም ትንሽ ነው። በማግስቱ አውቶፔዩ እንደተቋረጠ በስልክ አረጋገጠ። የወሩን ክፍያ የዘገየ ቅጣት ሳይመጣበት በቼክ ላከ። በየወሩ የሚመጣለትን ያንን ሳጥን ያለበት መግለጫ አሁን ከቼኩ ኮፒ ጋር አንድ ላይ እየወጋ በፋይል ያስቀምጠዋል።